ተጨማሪ መረጃ፦ ከአማካዩ ጀርባ ያሉ ልጆች

በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የ2ኛ እና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ተመዝኖ ነበር። ፈተናው በጽሑፍ የሚሠራ አልነበረም። ፈታኙ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻ ተቀምጦ ፊደላትን፣ ቃላትንና አጭር ታሪክን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደርገዋል። ለንባቡ የተሰጠው ጊዜ 60 ሴኮንድ ነው፤ ከዚያ ስላነበበው ይጠይቀዋል።

ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ቁጥሩ በራሱ ያስደነግጣል፤ አማካይ መሆኑ ግን ከዚህ የከፋውን ይሸፍናል። በአዲስ አበባ ምንም ያላነበቡት ከ10 ልጆች አንዱ ያህል ሲሆኑ፣ በሲዳማ ከ3 ልጆች 2ቱ ነበሩ። ልጆቹ በተፈጥሮ ተበላልጠው አይደለም። ልዩነቱን ለመረዳት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ማን እንዳገኘ፣ መማሪያ መጽሐፍ በማን እጅ እንደደረሰ፣ ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ብዙዎችም ይዘነጉታል። በደቂቃ የተነበቡ ቃላትን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በቀጥታ ማወዳደር ያሳስታል። በአማርኛና በትግርኛ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ይይዛል። አፋን ኦሮሞና ሲዳምኛ ግን በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ፤ አናባቢው ሲረዝም ወይም ተነባቢው ሲጠብቅ ደግሞ ፊደሉ ይደገማል። ስለዚህ አንድ ቃል ለማንበብ ልጁ የሚለየው ምልክት ይበዛል።

ከዚህ ምዘና በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደገና ተዘጋጅተዋል።