የወር ካርድ ወይስ የዕለት ትኬት?

በመገናኛ በኩል ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በ4 ብር ሒሳብ በወር 26 ቀን ደርሶ መልስ የተጓዘ ሰው 208 ብር ያወጣ ነበር። በአውሮፓ «ዩሬይል» እንደተሰኘው የጎብኚዎች ካርድ ሁሉ፣ ለመገናኛ ተሳፋሪም የወር ካርድ በ180 ብር ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ትርፉ የሚጀምረው ከ45ኛው ጉዞ በኋላ ነበር።

ደመወዝተኛው ይህን አስልቶ ይገዛል። የቀን ሠራተኛው ግን ሥራ ላጣባቸው ቀናትም ይከፍላል፤ 180 ብሩንም በአንድ ጊዜ አያገኝም። የወር ካርድ ተሳፋሪው ለባቡር ድርጅቱ የሚሰጠው ብድር ነው። ቅናሹ የብድሩ ወለድ ሲሆን፣ ማበደር የሚችለው ደግሞ ገንዘብ የተረፈው ብቻ ነው።