ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. 104 ሰዎችን የያዘ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ተነሣ። ገና ከመሬት እንደለቀቀ የርግብ መንጋ ገጠመው፤ ወፎቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞክሩ የሞተሮቹ ኃይል ተቋረጠ። አውሮፕላኑ ከከተማው ወጣ ብሎ በሆዱ አረፈ፤ ወዲያውም በእሳት ተያያዘ። 35 መንገደኞች ሞቱ። ስድስቱን የበረራ ሠራተኞች ጨምሮ 69 ሰዎች ተረፉ።

ሞተር ጠፋ ማለት አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ይወድቃል ማለት አይደለም። ከፍታውን ቀስ በቀስ እየከፈለ፣ በለውጡ ፍጥነቱን ጠብቆ መንሳፈፍ ይችላል። ገና የተነሣ አውሮፕላን ግን የሚከፍለው ከፍታ የለውም፤ ችግሩ ይኸው ነው።

የመሬቱ ከፍታም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ በባሕር ወለል ካለው አየር በ16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ለማረፍ 9 በመቶ ያህል ፈጥኖ መምጣት ግድ ይለዋል። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነውና፣ መሬት ሲነካ ይዞት የሚመጣው ጉልበት በ19 በመቶ ገደማ ይጨምራል።