ድልድይ ሲሻገሩት የሚለወጥ ሕግ



ከዚህ በታች ያለውን አሳቤን ለአንባቢያን እንድታደርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ሲያዩት የሩቅ አገር ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን እኔ ቤት ድረስ የመጣ ስለ ሆነና ወደ ሌላም ሰው ቤት መምጣቱ እንደማይቀር ስለማምን ዝም ለማለት አልቻልሁም።

እኔ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። የአሜሪካንን ካርታ ሰሌዳ ላይ ሰቅዬ የሃምሳውን ክፍለ ግዛት ወሰን ለተማሪዎቼ በዘንግ ሳሳይ፣ ወሰን ማለት በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ ሆኖ ይታየኝ ነበር። አንድ ሰው ከዚያ መስመር ወዲህ ሲሆን ሊጠበቅ፣ ወዲያ ሲሻገር ደግሞ ሊጠፋ እንደሚችል ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ የሚኖረው በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ያገራችን ሰዎች በብዛት በሚገኙበት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራው መኪና እየነዳ ሰው ማመላለስ ስለ ሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ከሜሪላንድ ወደ ዋሽንግተን ከተማ፣ ከዚያም የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቨርጂኒያ ይደርሳል። ሦስቱም የተጠጋጉ ናቸው። እንዲያውም ዉድሮው ዊልሰን በሚባለው ድልድይ ላይ የሚያልፍ ሰው መኪናውን ሳያቆም የሦስቱንም ወሰን ይረግጣል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በኖቬምበር 2022 ዓ.ም. ሜሪላንድ በስልክ የሚደረገውን የስፖርት ውርርድ ፈቀደች። ወንድሜም በዚያው ሰሞን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ቀናው፤ ሦስት መቶ ዶላር ላከልን። ለእናታችን ነጠላ፣ ለእኔም አንድ ካፖርት ገዛሁበት። ገንዘቡን ከምን እንዳገኘው በስልክ ሲነግረኝ ስቄ «ያብዛልህ» አልሁት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን እኔ ካልጻፍሁት ነገሩ የወንድሜ ጥፋት ብቻ ሆኖ ይቀራልና ጻፍሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መዘርዘር አያስፈልግም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለእናታችን የዓይን ቀዶ ሕክምና ብሎ ያጠራቀመው አለቀ፤ ቀጥሎም ብድር መጣ። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ደውሎ «ጋሼ፣ እጄን ያዝልኝ» አለኝ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ በምን እጄ ልይዘው እችላለሁ?

የሜሪላንድ መንግሥት ግን እጅ አዘጋጅቶለት ነበር። ይኸውም በፈቃዱ ራሱን ከቁማር ለማገድ የሚፈልግ ሰው ስሙን የሚያስመዘግብበት መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ የገባን ሰው በሜሪላንድ ፈቃድ ያላቸው ኩባንያዎች በዚያ ክፍለ ግዛት ውስጥ አያስተናግዱትም። ወንድሜ ተመዘገበ። እኔም ደስ ብሎኝ ለእናታችን «ልጅሽ ዳነ» ብዬ ነገርኋት።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። አንድ ምሽት በቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል በር ላይ መንገደኛ ሲጠብቅ፣ ስልኩን ከፍቶ በሌላ ኩባንያ ዘንድ አዲስ ሒሳብ ለማውጣት ሞከረ። ተቀበሉት። ስሙ የሰፈረው በሜሪላንድ መዝገብ ነው፤ ቨርጂኒያ ደግሞ የራሷ መዝገብ አላት፤ በእርሷ መዝገብ ላይ እርሱ አልነበረም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው፣ ያ ሁሉ ተስፋ የተጣለበት መዝገብ ወንዝ ተሻግሮ ሊጠብቀው አልቻለም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ እንደ ልማዴ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትን ባጭሩ ላቅርብ።

በአሜሪካ በ1992 ዓ.ም. የወጣ አንድ የፌዴራል ሕግ፣ አስቀድሞ ውርርድ ከነበራቸው እንደ ኔቫዳ ካሉ ጥቂቶች በቀር፣ ክፍለ ግዛቶች የስፖርት ውርርድ እንዳይፈቅዱ ከልክሎ ነበር። ኒው ጀርዚ ይህን ተቃውማ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረች። ፍርድ ቤቱም ሜይ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሕጉን ሻረው። የፍርዱ አሳብ፣ ኮንግሬሱ ቢፈልግ ራሱ ስለ ውርርድ ሊደነግግ ይችላል፤ የክፍለ ግዛቶችን ምክር ቤቶች ግን እንዲህ ያለ ሕግ አታውጡ ብሎ ሊያዝዛቸው አይችልም የሚል ነው። ኮንግሬሱ በቦታው ሌላ ሕግ ስላልተካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በየፊናው ደነገገ፤ በ2025 ዓ.ም. ከሠላሳ አምስት የሚበልጡ ክፍለ ግዛቶች በአንድም በሌላም መንገድ የስፖርት ውርርድን ፈቅደው ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። ዩታ ቁማርን በሕገ መንግሥቷ ስለ ከለከለች ሎተሪ እንኳ የላትም። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ2022 ዓ.ም. በቀረቡለት ሁለት የውርርድ አሳቦች ላይ ድምፅ ሰጥቶ ሁለቱንም ጣለ። በሌላው ወገን ደግሞ እንደ ኒው ጀርዚ፣ ፔንሲልቬኒያና ሚሺጋን ያሉት፣ ውጤቱ ከሚታወቅ ግጥሚያ አልፈው ካርታውንና የሚሽከረከረውንም ጨዋታ ሁሉ በስልክ ፈቅደዋል፤ በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ እንዲህ ያደረጉት ሰባት ነበሩ። ማሳቹሴትስ በዱቤ ካርድ መወራረድን ስትከለክል ያልከለከሉ አሉ። ኒው ዮርክ ከኩባንያዎቹ የስልክ ውርርድ ገቢ ከመቶው 51 በግብር ስትወስድ፣ ኔቫዳ የምትወስደው 6.75 ብቻ ነው።

ወደ ወንድሜ ሰፈር ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕግ ለመወራረድ ሃያ አንድ ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ በመካከላቸው በምትገኘው በዋሽንግተን ሕግ ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት ይበቃል። ቨርጂኒያ በራሷ ዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያ ላይ መወራረድን ትከለክላለች፤ ሜሪላንድ ግን በራሷ ላይ ትፈቅዳለች። ዋሽንግተን በ2020 ዓ.ም. የስልኩን ውርርድ ስትጀምር፣ በስታዲየሞች አካባቢ ካለው ጥቂት ርቀት በስተቀር፣ የከተማው ሎተሪ መሥሪያ ቤት መተግበሪያ ብቻ እንዲሠራ አድርጋ ነበር፤ ገቢው እንደ ታሰበው ስላልሆነ በ2024 ዓ.ም. ያንን ትታ ለሌሎች ኩባንያዎች ከፈተች። በዚያችው ከተማ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ይዞታ በሆነው ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ስልኩ ውርርድ አይቀበልለትም፤ መንገዱን ተሻግሮ ሲቆም ግን ይቀበልለታል።

ስልኩ ይህን እንዴት ያውቃል? በ1961 ዓ.ም. የወጣ የፌዴራል ሕግ የውርርድ ነጋዴ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው በሽቦ የስፖርት ውርርድ እንዳያስተላልፍ ይከለክላል። ያን ጊዜ የታሰበው ስልክና ቴሌግራም ነበር። ዛሬ ኩባንያዎቹ ይህንና የየክፍለ ግዛቱን ሕግ ለመጠበቅ ደንበኛው የቆመበትን ስፍራ በሳተላይትና በአካባቢው ባሉ የኢንተርኔት ምልክቶች አማካይነት ይመረምራሉ። ውርርዱን የሚቀበሉትም ሰውየው በተፈቀደበት ወሰን ውስጥ መሆኑን ሲያረጋግጡ ብቻ ነው።

አንባቢያን ሆይ፣ እኔን የቈጨኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ከመንገዱ በየትኛው በኩል እንደ ቆመ ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ እያለ፣ ያው ሰው ትናንት በጎረቤት ክፍለ ግዛት «እባካችሁ ከልክሉኝ» ብሎ መፈረሙን የሚያውቅ የጋራ መዝገብ እንዴት ይጠፋል? ገቢን የሚያስጠብቀው ወሰን በጥንቃቄ ሲለካ፣ ሰውን የሚያስጠብቀው ግን ድልድዩ ላይ ይቀራል።

በእርግጥ ለልዩነቱ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ የሚሉትም ሁሉ ከንቱ አይደለም። የዩታ ሕዝብ የማይፈልገውን በኔቫዳ ፍላጎት ሊገደድ አይገባውም፤ ይህ የፌዴራል አስተዳደር ትርጉም ነው። ደግሞም አንዱ ክፍለ ግዛት የሞከረውን ሌላው አይቶ ይማራል። ጨርሶ ቢከለከል ሰው ፈቃድ ወደሌላቸው የባሕር ማዶ ቤቶች ይሄዳል፣ በዚያ ደግሞ አቤት የሚባልበት የለም የሚሉም አሉ። እኔም ግብሩ፣ ፈቃዱና የጨዋታው ዓይነት እንደየአገሩ ይለያይ በሚለው አልጣላም። ነገር ግን ከሁሉም ጋር አንድ ሆኖ መጓዝ ያለበት ነገር አለ፤ እርሱም ራሱን ለማዳን የፈረመ ሰው ፊርማ ነው። ግብር የመንግሥት ነው፤ ወሰን አለው። የሰው ሕመም ግን ወሰን የለውም፤ ሰውየው በሄደበት አብሮት ይሄዳል።

ልጅ ሳለሁ በተማርሁበት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ሳንቲም እያነጠሩ መወራረድ በጥብቅ የተከለከለ ነበር። የተያዘ ልጅ ይቀጣል። ግን ደንቡ የሚሠራው በአጥሩ ውስጥ ነበርና እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥር እየዘለልን ገበያ ዳር እንወራረድ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ጓደኛችን የወር ገንዘቡን በሙሉ ተበልቶ ሲያለቅስ፣ የአዳሪ ቤቱ ኀላፊ እርሱን አልቀጡትም። ገበያ ወርደው ባለ ሱቆቹን «ይህን ልጅ ሲወራረድ ካያችሁት መልሱልኝ» ብለው አደራ ሰጡ። ከዚያ በኋላ አጥሩ ባለበት ቢቈይም ጥበቃው ግን አጥሩን ተሻገረ። የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የጎደላቸው ይህን የመሰለ አደራ መሆኑ ነው የሚታየኝ።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሜሪላንድ ከስፖርት ውርርድ የምታገኘውን ግብር ለትምህርት ቤቶቿ ማሻሻያ ታውለዋለች። አስተማሪ እንደ መሆኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን አሰብሁ፤ ለእናቴ ዓይን የተቀመጠው ገንዘብ ከፊሉ ምናልባት አንድ የማላውቀው ሕፃን ደብተር ሆኖ ይሆናል። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የስልክ ውርርዱ ግብር ከመቶ 15 ወደ 20 ከፍ ብሏል። መንግሥት ከአንድ ነገር ገቢ ማግኘት ከለመደ፣ ያ ነገር እንዲቀንስ ከልቡ መድከም እንደሚቸግረው፣ መሥሪያ ቤት ለሚያውቁ አንባቢያን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት አሜሪካንን ለመንቀፍ አይደለም። የእኛም አገር በፌዴራልና በክልል የተደራጀች ናት። የስፖርት ውርርድም በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ከተማሪዎቼ መካከል ሰኞ ጧት የሚያዛጋው ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ነው ብዬ የማስብበት ጊዜ አልፏል። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎች ደንብና መመሪያ የሚያረቅቁ፣ ወይም ለሚያረቅቁት አስተያየት የሚያቀርቡ ናቸው። ስለዚህ በበኩሌ የማሳስበው አንድ ነገር ነው። በየትም አገር ቢሆን ፈቃድ ሰጪው ስለ ግብሩ ከመስማማቱ በፊት ለመውጣት የሚፈልገው ሰው በየት በር እንደሚወጣ ይወሰን፤ በሩም ከወሰን እስከ ወሰን አንድ ይሁን። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ኋላ በየክልሉ የተበታተነን መዝገብ ለማገናኘት ከመድከም አስቀድሞ አንድ ማድረግ ይቀላል።

ወንድሜ ባለፈው ወር ደውሎልኝ ነበር። ከሜሪላንዱ በተጨማሪ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን መዝገብ ላይም ስሙን አስገብቷል። ለአንድ ሰው ሦስት ፎርም፣ ሦስት ፊርማ። «አሁንስ ተዘጋ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «ጋሼ፣ በምዕራብ በኩል ዌስት ቨርጂኒያ አለች፤ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ሲመጣ አልጭንም» አለኝ።

እናታችን እስካሁን አንድ ዓይኗ አያይም። ለሕክምናው እኔ ከደመወዜ፣ እርሱም ከሥራው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥ ጀምረናል። ካፖርቱን ግን ሸጬ ወደዚያው ገንዘብ ጨመርሁት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ