ድዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያ ፈጆች

ጠዋት ጥርሳችሁን ከመፋቃችሁ በፊት በምላሳችሁ ዳሰስ አድርጉት። ያ የሚያዳልጥ ሽፋን በመቶ የሚቆጠሩ የባክቴሪያ ዓይነቶች ተደራርበው፣ ራሳቸው ባመረቱት ሙጫ ተጣብቀው የሠሩት ሰፈር ነው። እኔን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ደግሞ በዚያ ሰፈር ባክቴሪያዎቹን እያደኑ የሚኖሩት ቫይረሶች ጉዳይ ነው።

ስማቸው ባክቴሪዮፋጅ ይባላል፤ ባጭሩ ፋጅ። ቃሉ «መብላት» ከሚለው ግሪክኛ የመጣ ነው። እኛ «ፈጀ» የሚል ግሥ ስላለን ግን ትርጉሙን ለመያዝ አንቸገርም፦ ባክቴሪያ ፈጅ። ስሙን ያወጣላቸው በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ነው፤ በ1917 እ.ኤ.አ.። ፋጆች የሰው ሴል ውስጥ አይባዙም። ባክቴሪያው ላይ በጭራቸው ቆመው ዲኤንኤያቸውን እንደ መርፌ ይወጉታል፤ ባክቴሪያው ሳይወድ በግዱ የፋጅ ፋብሪካ ይሆንና ፈንድቶ አዳዲስ ፋጆች ይበተናሉ።

ወደ ባክቴሪያዎቹ ሰፈር እንመለስ፦ ሳይነካ ሲቆይ ከድድ ሥር እየገባ ይሄዳል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ስንፍቅ ይደማል። ሰውነታችን ወራሪውን ለማባረር የሚከፍተው ውጊያ ራሱ ጥርሱን አቅፎ የያዘውን አጥንት ይሸረሽረዋል። አንቲባዮቲክም ሙጫውን ዘልቆ ሁሉም ጋ መድረስ ይከብደዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም የሚባል፣ ቀጭን መርፌ የመሰለ ባክቴሪያ አለ። ጤነኛ አፍ ውስጥም ይገኛል፤ ሥራው ግን ማገናኘት ነው። ጥርስ ላይ ቀድመው የሰፈሩትን በአንድ በኩል ይይዛል፣ ዘግይተው የሚመጡትን እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉ ጉዳት አድራሾችን በሌላ በኩል ይስባል። የጎጆው ምሰሶ በሉት። ታዲያ ምሰሶውን ለይቶ የሚጥል ፋጅ ቢገኝስ? በ2019 የአውስትራሊያው ላ ትሮብ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤፍኤንዩ1 ያሉትን ፋጅ ይፋ አደረጉ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የጭንቅላቱ ስፋት 88 ናኖሜትር፣ ጭራው 310 ናኖሜትር ያህል ነው፤ 2500 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ 1 ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ይህ ሚጢጢ ነገር በላብራቶሪ ሙጫው ውስጥ የተሸሸጉትን ፉሶባክቴሪየሞች ገደለ፣ ክምችቱንም አሳነሰው።

ሁሉም ፋጅ ወዳጅ እንዳይመስላችሁ ግን። አንዳንዱ ዲኤንኤውን ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ጋር ቀላቅሎ ተኝቶ ይኖራል፤ ባክቴሪያው በተባዛ ቁጥር እሱም ይባዛል፣ አልፎ አልፎም ለባክቴሪያው አዲስ ባሕርይ ያወርሰዋል። በ1987 የኖርዌይ ተመራማሪዎች አጥንቱ በፍጥነት በሚሸረሸርበት የድድ ቦታ ላይ ዛሬ አግሪጋቲባክተር የሚባለውን ባክቴሪያ ፋጅ በውስጡ ይዞ አገኙት። ጥፋቱን ያመጣው ፋጁ ነው ለማለት ይህ ብቻ አይበቃም፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል። ስለዚህ ለሕክምና የሚታጨው ገዳዩ ዓይነት ነው፤ ዲኤንኤውም ከዳር እስከ ዳር ተነብቦ መርዝ የሚያሠራ ወይም ባክቴሪያውን መድኃኒት የሚያስለምድ ጂን አለመያዙ መረጋገጥ አለበት። ዛሬም ግን የድድ ሕመም ዋናው ሕክምና ሐኪሙ ከድድ ሥር የደደረውን ቆሻሻ መጥረጉ ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የ2013ቱ ጥናት ነው። የሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባሕር እንስሳት እስከ ሰው ድድ ድረስ አካሉ ራሱ የሚያመነጨውን የሚያዳልጥ ልባስ ናሙና ወስደው ፋጆቹንና ባክቴሪያዎቹን ቆጠሩ። ልባሱ ላይ ለአንድ ባክቴሪያ የሚደርሰው የፋጅ ብዛት በዙሪያው ካለው በአማካይ ከ4 እጥፍ በላይ ሆነ። ፋጆቹ ልባሱን ሙጭጭ ብለው ይዘው፣ የሚመጣውን ባክቴሪያ እዚያው ይጠብቁታል።