ደከረንስ፣ ከሰልና ናይትሮጂን

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚያጅበው ደን በገበሬ እጅ የተተከለ ነው። ዛፉ ደከረንስ ይባላል፤ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። የዚህ አካባቢ፣ የአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ የሚተክለው በዋናነት ለከሰል ነው፤ ከሰሉም በጆንያ ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያድጋል። በቀጣዮቹ ዓመታት ከሥሩ ሣር ይታጨድለታል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና ማሳው ተመልሶ ይታረሳል። የአካባቢው አፈር ዝናብ ያጠበው፣ አሲድ የበዛበት ነው። በደከረንስ ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ናይትሮጂን ከአየር ይዘው ዛፉን ይመግባሉ፤ ቅጠሉ ሲረግፍ አፈሩም ይደርሰዋል።

ታዲያ ዛፉ ሲከሰል ያ ናይትሮጂን የት ይገባል?

አክሳዩ ግንዱን ቆራርጦ ይከምራል፤ በሣር ሸፍኖ አፈር ያለብስና ይለኩሰዋል። ከማንደዱ ይልቅ ጥበብ የሚጠይቀው አየር መከልከሉ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ጭስ በአብዛኛው የእንጨቱ ውሃ ነው። ሙቀቱ 280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ እንጨቱ ራሱ ሙቀት እያመነጨ ይፈርሳል። ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ አክሳዩ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። አንዲት ስንጥቅ ካመለጠችው የቀናት ድካሙ ዐመድ ይሆናል፤ ቢሳካለትም ከእንጨቱ ክብደት ከሰል ሆኖ የሚተርፈው ከአምስት አንድ እጅ ቢሆን ነው።

ናይትሮጂኑ ከግንዱ ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከፊሉ አሞኒያና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ቀሪው ከካርቦን ጋር ቀለበት ሠርቶ ከሰሉ ውስጥ ይታሰራል። ይህን ግትር ቀለበት ነዳጅ አጣሪዎችም ያውቁታል። ወፍራም ድፍድፍ ነዳጅ 500 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ናይትሮጂኑ በብዛት የሚከማቸው በሚቀረው ከሰል መሰል ጠጣር፣ በኮክ ውስጥ ነው፤ ወደ ፈሳሹ ያመለጠው ደግሞ የማጣሪያውን ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ አፋጣኝ) ያደክማል። ናይትሮጂኑን አሞኒያ አድርጎ ለማስወጣት ከፍተኛ ግፊት ያለው ሃይድሮጂን ያስፈልጋል፤ ወጪው ቀላል አይደለም። የፋግታ ገበሬ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ በናይትሮጂን የሚበለጽገው ቅጠሉ ስለሆነ ግንዱ ወደ ገበያ ሲሄድ የረገፈው ቅጠልና ሥሩ ማሳው ላይ ይቀራሉ።

በቅርብ ዓመታት ግን ደከረንሱን ዋግ መታው። ከስንዴ ዋግ ጋር የሚዛመድ ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉንና ለጋ ቅርንጫፉን እያቆሰለ ዛፉን ለቆረጣ ሳይደርስ ያደርቀዋል። ፈንገሱም እንደ ዛፉ የአውስትራሊያ ተወላጅ ሲሆን፣ አዊ ከመድረሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2013 የደቡብ አፍሪካን የግራር እርሻዎች አጥቅቶ ነበር።