ቪዲዮው በጎኑ ተኝቶ ቢታይም አትሰርዙት

ዛሬ የምናነሳው ብዙዎቻችሁን የሚያስቸግር የስልክ ጉዳይ ነው።

በስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ወጥታችሁ ቄሶች በጃንጥላ ሥር ኦሪት ሲያነቡና ሲጸልዩ ትቀርጻላችሁ። ማታ አሽዶድ ገብታችሁ ስትከፍቱት ሰዉ ሁሉ በጎኑ ተኝቷል። ሠርግ ላይ፣ የልጅ ልጅ ባር ሚጽቫ ላይም እንዲሁ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይሰርዘዋል። ስግድ ለከርሞም ይመጣል፤ ዘንድሮ የቀረጻችኋቸውን ሽማግሌ ድምፅ ግን ለከርሞ እናገኘው እንደሆነ ማን ያውቃል? ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ያዙ፦ ቪዲዮው አልተበላሸም። ምስሉም ድምፁም ሙሉ ነው። የተሳሳተው አቅጣጫው ብቻ ነው፤ እሱም ይስተካከላል።

ለምን ይተኛል?

በስልኩ ውስጥ እንደ ግንበኛ ቱንቢ የሚያገለግል ትንሽ መሣሪያ አለ። የመሬትን ስበት እየለካ ስልኩ ቆሞ ይሁን ተጋድሞ ይለያል። የካሜራው ዓይን ግን በቦታው የተተከለ ነው፤ አይዞርም። ስልኩን አቁማችሁ ስትቀርጹ በአብዛኛው ምስሉ የሚቀመጠው በጎኑ ነው። ስልኩ ግን «ሲታይ 90 ዲግሪ ይዙር» የሚል ማስታወሻ አብሮ ያስቀምጣል፤ ቪዲዮውን የሚያሳየው መሣሪያ ይህን አንብቦ ምስሉን ቀና ያደርገዋል።

ማስታወሻው የሚወሰነው ቀረጻው ሲጀመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን ብታዞሩትም አይለወጥም። ቀዩን ምልክት ስትጫኑ ስልኩ ወደ መሬት ተደፍቶ ወይም ወደ ሰማይ ተንጋሎ ከሆነ፣ ቱንቢው የትኛው ጎን ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ ይምታታበታል።

መጀመሪያ ችግሩን ለዩ

ሰዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ምስሉ ግን አንሶ ከላይና ከታች ጥቁር ከሆነ ቪዲዮው ደኅና ነው። ስልኩን አግድም ያዙት። ምስሉ ካልሰፋ «ሲቩቭ ኦቶማቲ» የሚለውን ክፈቱ። በአይፎን ላይ ደግሞ በክብ ቀስት የተከበበውን የቁልፍ ምልክት አጥፉ።

በስልካችሁ ቀና ሆኖ በኮምፒውተር ወይም በቴሌቪዥን ብቻ ከተኛ፣ ያ መሣሪያ ማስታወሻውን አላነበበም ማለት ነው። በሌላ ማሳያ ሞክሩት።

በራሳችሁም በሌላውም ሰው ስልክ ከተኛ ግን ማስታወሻው ተሳስቷል። እንዲህ አስተካክሉት።

አስተካክላችሁ አስቀምጡ

1. ቪዲዮውን ከስልኩ የፎቶ ማኅደር ክፈቱ።
2. «አሪኻ» የሚለውን ቃል ንኩ። በአንዳንድ ስልክ በቃሉ ፈንታ የእርሳስ ምልክት ታገኛላችሁ።
3. የመቁረጫውን ምልክት ንኩ። ከዚያ ጎበጥ ያለ ቀስት ያለበትን አራት ማዕዘን ፈልጉ።
4. እሱን አንድ ጊዜ ስትነኩ ምስሉ ሩብ ዙር ይዞራል። ሰዎቹ ቀጥ ብለው እስኪቆሙ ድረስ ደጋግሙ።
5. በአይፎን «ሲዩም»፣ በሌሎች ስልኮች የማስቀመጫውን ቃል ንኩ። «ሽሚራት ኦቴክ» የሚል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ቅጂ ስለሚያወጣ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሳይነካ ይቀራል።

በአይፎን ቪዲዮ እንዲህ ማዞር የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አይኦኤስ 13 ወዲህ ነው። ስልካችሁ ከዚያ በፊት የነበረውን የሚጠቀም ከሆነ ቪዲዮውን አዲስ ስልክ ወዳለው ልጃችሁ ላኩትና እሱ ያዙርላችሁ።

ጎንደር ላሉ ዘመዶቻችሁ በዋትስአፕ የምትልኩ ከሆነ መጀመሪያ አስተካክሉ፣ ከዚያ ላኩ። ቀድማችሁ የላካችሁት አብሮ አይስተካከልም።

ሰርዛችሁትስ ከሆነ?

ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ስልኮች የተሰረዘውን ወዲያው አያጠፉትም። አይፎን ለ30 ቀን ያህል በተሰረዙት ማኅደር ያቆየዋል። በሌሎችም የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ያለበትን ቦታ ተመልከቱ። ነገር ግን ቀኑ ሳያልፍ ፍጠኑ።

ለሚቀጥለው ጊዜ

ቀዩን ምልክት ከመጫናችሁ በፊት ስልኩን ወደምትቀርጹት ሰው ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ጥቂት ጠብቁ። በመስታወቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ቀና ሲሉ ጀምሩ። በቴሌቪዥን ልታዩት ካሰባችሁ ስልኩን አግድም ይዛችሁ ጀምሩ። መሀል ላይ አያያዝ መለወጥ ካማራችሁ አቁማችሁ እንደገና ጀምሩ።

በስልካችሁ በጎኑ የተኛ ቪዲዮ ካለ ዛሬውኑ ሞክሩት። ከከበዳችሁ የልጅ ልጆቻችሁን ጥሩ፤ የእነሱ ጣት ፈጣን ነው። እነሱ ቪዲዮውን ሲያቀኑላችሁ እናንተ ደግሞ በውስጡ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ንገሯቸው።