የአየር መስመር ርቀትና የመንገድ ርቀት፦ ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ

ከዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልሶች አሉ፤ አንደኛው በአየር መስመር፣ ሁለተኛው በተሽከርካሪ መንገድ የሚለካው ነው። አንዱን በሌላው ምትክ የወሰደ ተጓዥ ለሕክምና ቀጠሮው ሊዘገይ፣ በረራ ሊያመልጠው ወይም የጉዞ ወጪውን አሳንሶ ሊገምት ይችላል። ስለሆነም ልዩነቱን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

የአየር መስመር ርቀት እንዴት ይሰላል?

የአየር መስመር ርቀት ማለት ተራራና ሸለቆ ሳይቆጠር በሁለት ቦታዎች መካከል የሚሰመረው አጭሩ መስመር ርዝመት ነው። የሚሰላውም ከቦታዎቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ በመነሣት ነው።

ሰቆጣ በ12 ዲግሪ ከ37 ደቂቃ፣ ላሊበላ ደግሞ በ12 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ይገኛሉ። የሁለቱም ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ በመሆኑ፣ ሰቆጣ ከላሊበላ በቀጥታ በሰሜን አቅጣጫ ትገኛለች። የኬክሮስ ልዩነታቸው 35 ደቂቃ ነው። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የአየር መስመር ርቀቱ ወደ 65 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

የተሽከርካሪው መንገድ ለምን ይረዝማል?

ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ምድር ግን ወደ ተከዜ የሚፈሱ ወንዞች ሸንሽነውታል። በብልባላ በኩል የሚያልፈው መንገድም ገደሉን እየዞረ፣ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ከቀጥታው መስመር በእጅጉ ይረዝማል።

ልዩነቱ በረጅም ጉዞ ይበልጥ ይታያል። ከሰቆጣ እስከ ባሕር ዳር በአየር መስመር 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በመንገድ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እስከ አዲስ አበባ ያለው የአየር መስመር ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

የትኛው ርቀት ለምን ያገለግላል?

• የአየር መስመር ርቀት የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር በረራን ለማቀድ እንዲሁም ቦታዎችን በካርታ ላይ ለማነጻጸር ያገለግላል።
• የሕዝብ ማመላለሻ ታሪፍ የሚሰላው በመንገዱ ርዝመትና በዓይነቱ፣ ማለትም አስፋልት ወይም ጠጠር በመሆኑ ነው። ስለዚህ የጉዞ ዋጋን በአየር መስመር ርቀት መገመት አይቻልም።
• የአምቡላንስ መድረሻ ጊዜ፣ የጭነት ማጓጓዣ ወጪና የቀጠሮ ሰዓት ሊታሰቡ የሚገባው በመንገድ ርቀት ነው።

ተገልጋዮች ከጉዞ በፊት ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

1. በስልክ ካርታ ላይ ያዩት ቁጥር የቀጥታ መስመር ወይስ የመንገድ ርቀት መሆኑን ያረጋግጡ።
2. ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ጉዞው የሚወስደውን ሰዓት ከመናኸሪያ ይጠይቁ።
3. በክረምት ወራት ጎርፍና የመሬት መንሸራተት መንገድ ሊያስተጓጉሉ ስለሚችሉ ተጨማሪ ጊዜ ይያዙ።
4. ከላሊበላ የሚነሣ በረራ ካለዎት፣ አየር ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ እንደሚገኝ ታሳቢ በማድረግ ቢቻል በዋዜማው ላሊበላ ይደሩ።